በእንጨት ላይ የበቀለው ዝይ

መስኮቴ ደፍ ላይ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አለች። ውስጧ ጣት የምታህል የእንጨት ስባሪ አለ፤ እንጨቱ ላይ አምስት ነጫጭ ዛጎሎች ተጣብቀዋል። ጉም ከባሕሩ በኩል ሲገባ፣ ጠዋት ነገሩ ሁሉ ወተት ውስጥ የተነከረ ሲመስል፣ ክዳኗን ከፈት አድርጌ አሸታለሁ። ጨው ጨው ይላል። ከሥሩ የአሮጌ ወረቀት ሽታ አለ፤ ከእሱም ሥር፣ ምናልባት እኔው ነኝ የምፈጥረው፣ የእግር ቅባት። ሩምሜቴ፣ "ይሄን የሞተ ነገር ለምን አትጥዪውም?" ትለኛለች። አልጥለውም። ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ ለሷ ሁሉ ነገር ቶሎ ማለቅ አለበት። ላንቺ ግን ልንገርሽ፣ አንቺ ቢያንስ አታቋርጪኝም።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እኔና እናቴ ዲቪ ደርሶን ኦክላንድ ከገባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ፍሩትቬል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። እናቴ ቴሜስካል የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ በአውቶቡስ እዚያ እሄድና ሺፍቷ እስኪያልቅ ኩሽናው ውስጥ ሆምወርኬን እሠራለሁ። እሠራለሁ ስልሽ፣ ደብተሩን ከፍቼ በመስኮት አያለሁ ማለቴ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር፤ አሁንም አልችልም።

አሮጊቷን እማማ እንላቸው ነበር። የተወለዱት ከስኮትላንድ በስተምዕራብ፣ ባሕር ውስጥ ባለች ትንሽ ደሴት ነው፤ እዚያ የሚነገረው ጌይሊክ የሚባል የራሳቸው ቋንቋ ነው። በወጣትነታቸው ወደዚህ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ባልም ልጅም የላቸውም። ዛጎል ግን አላቸው። በየደረጃው፣ በየመስኮቱ፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሳይቀር ዛጎል፣ የደረቀ ኮከብ ዓሣ፣ ባሕር ያለሰለሰው የጠርሙስ ስባሪ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘወር ስትል ብርሃኑ በጠርሙሶቹ አልፎ ኩሽናውን አረንጓዴ ያደርገዋል። ከወደቡ የመርከብ ጡሩምባ ይሰማል፣ ረጅም፣ ደከም ያለ። ያን ሰዓት ሳስታውስ ሦስታችንም ውኃ ሥር የነበርን ይመስለኛል፤ እናቴ በረጋ እጇ የእማማን እግር ቅባት ስትቀባ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በደሴታቸው ቋንቋ ሲያንጎራጉሩ፣ እኔ አፌን ከፍቼ ሳይ።

ሁለቱ የሚግባቡት በእኔ ነበር። የእናቴ እንግሊዝኛ "ኦኬ"፣ "ስሎውሊ" እና "ኖ ፎል" ነው። ለቀረው ሁሉ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ፤ ለባንኩ፣ ለክሊኒኩ፣ ለአከራዩ። እዚህ አገር የመጣ ልጅ ሁሉ ይሄን ሥራ ያውቀዋል። ማንም የማይነግርሽ ግን ሥልጣን እንዳለው ነው። በሁለት ሰዎች መካከል በር ነሽ፤ ስትፈልጊ ገርበብ ትያለሽ።

ሁዳዴ ገባ። እናቴ በጾም አትቀልድም። ቤተ ክርስቲያናችን ያሉት ሴቶች ዓሣ ይበላል አይበላም እያሉ በየዓመቱ ይከራከራሉ፤ እናቴ ክርክሩም ውስጥ አትገባም፣ ዓሣውም አጠገብ አትደርስም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የለም። በዚያ ላይ ስለት ነበራት። ስለቱ ደግሞ በእኔ የተነሣ ነው። እንግሊዝኛ ሁለቴ ወድቄ የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ "በዚህ አካሄድ አትመረቅም" ብላ ነበር፤ ያንንም ለእናቴ የተረጎምኩላት እኔው ነኝ። እናቴ ቤት ስንደርስ የእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆማ፣ "ልጄ ሃይስኩል ትጨርስልኝ፤ እኔ ሰባት ሁዳዴ አንዲት ቀን ሳላጓድል እጾማለሁ" አለች።

"እኔ ጹሚልኝ አላልኩሽም፣" አልኳት።

"አንቺን አይደለም ያናገርኩት።"

በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ ትምህርት ቀደም ብሎ በሚለቀቅበት ቀን፣ እናቴ የእማማን ፍሪጅ ተደግፋ ቀስ እያለች ወደ መሬት ወረደች። አልወደቀችም፤ እንደ ፎጣ ተንሸራታ ነው የተቀመጠችው። ከንፈሯ አመድ መስሏል። እኔ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። የተንቀሳቀሱት እማማ ናቸው። በዚያ ባለ አራት እግር መደገፊያቸው፣ እናቴ በየቀኑ "ስሎውሊ፣ ስሎውሊ" በምትልበት መደገፊያ፣ ከቧንቧው እስከ እናቴ ያለችውን አምስት እርምጃ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዘው አቋረጡ። ግማሹ ፈሰሰ። እናቴ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየችና ራሷን ነቀነቀች። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር።

ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ደም ማነስ ነው ተባለ። ሐኪሟ፣ "ሥጋ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ትብላ፤ ክኒኑን በባዶ ሆዷ እንዳትወስድ" አለች። በትክክል ተረጎምኩ። እናቴ ክኒኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ሌላውን እንዳልሰማች አለፈችው።

"የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው፤ ለታመመ ይፈቀድ የለ?" አልኳት ባቡር ውስጥ።

"ይፈቅዱልኛል።"

"ታዲያ?"

"ለዚያ ነዋ የማልጠይቃቸው።"

በማግሥቱ እማማ እናቴን ከጎናቸው አስቀመጧትና ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አውርጂ አሉኝ። ከድሮ የሳይንስ መጽሐፍ የተቀዳ ነው። ባሕር ዳር ያለ ዛፍ ነው፣ በፍሬ ፋንታ ዛጎል የተንጠለጠለበት፤ ከየዛጎሉ ትንንሽ ዝይዎች አንገታቸውን አውጥተው ውኃው ላይ ይወድቃሉ።

"ንገሪያት፣" አሉኝ።

ነገርኳት። በእማማ ደሴትም፣ ማዶ ባለው አየርላንድም፣ ብርዱ ሲገባ ጥቁርና ነጭ ዝይ ይመጣል። ጎጆውን ያየ የለም፤ እንቁላሉን ያየ የለም፤ ጫጩቱን ያየ የለም። ሰሜን በረዶ አገር እንደሚፈለፈል ያኔ ማንም አያውቅም። ባሕሩ የሚተፋው ግንድ ላይ ግን አንድ ነገር ተጣብቆ ይገኛል። እንደ አንገት የረዘመ ጥቁር ዘንግ አለው፤ ጫፉ ላይ መንቆር የመሰለ ነጭ ዛጎል፤ ከዛጎሉ ደግሞ ላባ የመሰለ ነገር ብቅ ጥልቅ ይላል። እንግሊዝኛው ባርናክል ይለዋል። በእማማ ቋንቋ ዛጎሉም ወፉም ስማቸው አንድ ነው። የዚያ ዘመን ሊቃውንት አዩት፣ አሰቡበት፣ ጻፉት፤ ዝይው ከእንጨት ነው የሚበቅለው አሉ። ቀሳውስቱም ቀበል አድርገው፣ ከሥጋ ያልተወለደ ሥጋ አይደለምና በጾም ይበላ አሉ።

"አያቴ ዐርብ ዐርብ ዝይ ይበሉ ነበር፣" አሉ እማማ። "ከእንጨት የተወለደ ነው እያሉ። አስተማሪ ሆኜ ልጠይቃቸው ስመለስ፣ ውሸት ነው አልኳቸው። 'ዝም በይ፣ ምሳዬን አታበላሺ' አሉኝ።"

እናቴ ሳቀች። ከስንት ቀን በኋላ ነው የሳቀችው። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ብልጦች ናቸዋ ቀሳውስቱ" አለች።

እማማ ጣታቸውን አነሡ። "አሁን ግን ምን እንደሆነ እናውቃለን። እንስሳ ነው፣ የሽሪምፕ ዘመድ። ዝይውም ዝይ ነው። ይሄንንም ንገሪያት፣ እንዳትሳሳት።"

"ምን አሉ?" አለች እናቴ። አረንጓዴው ብርሃን ፊቷ ላይ ነበር፤ ከንፈሯ አሁንም አመድ።

"እንጉዳይ ነገር ነው አሉ፣" አልኳት። "የባሕር ተክል። እዚያ ሰዎች ፈጭተው ይበሉታል፤ ደም ይሆናል አሉ።"

እማማ በትክክል የተረጎምኩ መስሏቸው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፍሩትቬል ለሜክሲኮዎቹም የጾም ወቅት ነበር። ሱቆቻቸው በር ላይ በጾማቸው የሚበሉት የደረቀ ሽሪምፕ በጆንያ ይቆማል፤ የተፈጨውም በትንንሽ ላስቲክ ይሸጣል። ብርቱካናማ ነው፣ ድቅቅ ያለ፤ በርበሬ የበዛበት ሽሮ ነው የሚመስለው። ሽታው ግን ባሕር ነው። ልብ በይ፣ ሽሪምፕ ለእናቴ የጾም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት በፋሲካም ቢሆን አፏ አይገባም። ይሄን አውቃለሁ። አውቄ ነው የገዛሁት። ከእማማ ቤት ባዶ የማር ጠርሙስ ወስጄ ገለበጥኩበትና "እማማ ናቸው የሰጡኝ" አልኳት።

ከሽሮው ጋር ቀላቅዬ ሠራሁላት። አሸተተችው።

"ባሕር ባሕር ይላል።"

"ከባሕር ነዋ።"

በላች። ክኒኑንም በላዩ ወሰደች። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ መቆሟን ተወች፣ ከንፈሯ ቀላ። ከሽሪምፑ ይሁን ከክኒኑ፣ ወይም የሚያበረታ ነገር አገኘሁ ብላ ከማመኗ፣ አላውቅም። እኔ ግን በራሴ ኮርቼ ነበር። ክፍል ውስጥ እንኳ ቁጭ ማለት ጀምሬ ነበር።

ያላሰብኩት የእናቴን ጠባይ ነው። ጥሩ ነገር ስታገኝ ብቻዋን አትበላም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ምግብ የማቅረብ ተራዋ ደረሰ። እኔ ውጭ ነበርኩ። ስገባ ሽታው ቀደመኝ። ትልቁ ድስት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የማሩ ጠርሙስ፣ ባዶውን። ለሴቶቹ ልታሳይ ይዛው መጥታለች።

"ባሕር ውስጥ፣ እንጨት ላይ ነው የሚበቅለው፣" ትላቸዋለች። "የኔን ደም የመለሰው እሱ ነው።"

"እስቲ ለኔ በዛ አድርጊልኝ፤ እኔም ደሜ ሄዷል፣" አለች አንዷ።

"ያንቺ ደም የት ይሄዳል፣ አፍሽ ነው የጨረሰው፣" አለቻት ከኋላዋ ያለችው። ተሳሳቁ። የእናቴ የንስሐ አባት መስቀላቸውን ይዘው ወደ ጠረጴዛው እየመጡ ነበር።

ጭልፋው ድስቱ ውስጥ ገባ። በሕልም ስትሮጪ እግርሽ እንደሚከብድሽ፣ አዳራሹ እንዲያ ረዘመብኝ። ጆሮዋ ሥር ደረስኩ።

"እማ፣ አታውጪው። ሽሪምፕ ነው። እኔ ነኝ የገዛሁት።"

አላየችኝም። ጭልፋውን ቀስ አድርጋ መለሰችው፣ ክዳኑን ከደነችው። ከዚያ የሷ ባልሆነ ድምፅ፣ "ይቅርታ እህቶቼ፣ ጨው በዝቶበታል" አለች።

"ኧረ ግድ የለም፣ ውኃ ጠብ ብናደርግበት…"

"አያስበላም አልኩ።"

ድስቱን በነጠላዋ አቅፋ ወጣች። ትኩስ ነበር። እናቴ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም። የመጀመሪያዋን ውሸት በሁዳዴ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ካህኑ ፊት የዋሸችው ለእኔ ነው።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ክኒኑንም አቆመች። ከንፈሯ ወደ አመዱ ተመለሰ፤ እኔ በየጠዋቱ ከንፈሯን እያየሁ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። በአራተኛው ቀን፣ እማማ ኩሽና ውስጥ፣ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"ተርጉሚልኝ፣" አለችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የጠበቅኩት ቃል ይሄ ሆነ። "አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ።"

እና ራሴን ከሰስኩ። እናቴ ትናገራለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ እደግማለሁ። "ልጄ የእርስዎን ታሪክ ወስዳ አታለለችኝ። የማልበላውን አበላችኝ። በእሷ የተነሣ ሌላውንም ሰው ላበላ ነበር። የሷ ሐሳብ ብቻ ነው ወይስ እርስዎም አሉበት?" "አታለለችኝ" የሚለው ላይ ድምፄ ተሰበረ። እናቴ፣ "ቀጥዪ" አለች።

እማማ እጃቸውን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አደረጉ። "አላውቅም ነበር። ታሪኩ ግን የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ፣" አሉ። እሱንም ተረጎምኩ። ውጭ ጉሙ ወርዶ ነበር፤ ጠርሙሶቹ ብርሃን አጥተው ግራጫ ሆነዋል። ጡሩምባው ሁለቴ ጮኸ። እማማ ማንንም ሳያዩ፣ በደሴታቸው የሚነገር ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ።

ወደቡ ላይ እየጮሁ የሚተኙትን፣ እኔና እናቴ የባሕር ውሻ የምንላቸውን እንስሳት ታውቂያቸዋለሽ። የእነሱ ዘመዶች እማማ አገርም አሉ። አንዳንድ ቀን ቆዳቸውን አውልቀው ሴቶች ይሆኑና ዓለት ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ ይባላል። አንድ ዓሣ አጥማጅ አንዷን አይቶ ወደዳት፤ ቆዳዋን ወስዶ ደበቀው። ያለ ቆዳዋ ወደ ባሕር መመለስ አትችልም። አገባችው፣ ወለደችለት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዳትሄድበት፣ ማዕበል እንዳይወስድበት ብሎ ነው። ከዓመታት በኋላ ልጅቷ ቆዳውን ጎተራ ውስጥ አገኘችው። "እማዬ፣ ይሄ ለስላሳ ነገር ምንድን ነው?" ብላ አመጣችላት። እናትየዋ ልጅቷን ሳመቻት፣ ቆዳዋን ለበሰች፣ ሄደች።

ይሄኛውን እስከ መጨረሻው ተረጎምኩ። መጨረሻው ነው የከበደኝ።

እናቴ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ታመላልሳለች። "ሰውየው ይወዳት ነበር?"

ጠየቅኳቸው። "በጣም፣" አሉ እማማ።

"ታዲያ ለምን አልጠየቃትም?"

ይሄን አልተረጎምኩትም። እኔው መለስኩ። "እንቢ ትለው ነበራ።"

እናቴ በአራት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ረጅም አየችኝ። ባቡር ውስጥ የነገረችኝን ራሷ መልሳ የሰማችው ያኔ ይመስለኛል፤ አንዱ እንቢ እንዳይባል ያልጠየቀ፣ ሌላዋ እሺ እንዳትባል ያልጠየቀች። ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ የንስሐ አባቷ ጋ ደወለች።

እሳቸውም ሳታውቂ የበላሽው አይቆጠርብሽም አሏት፤ ታመሻል፣ ብይ፣ ስለትሽን ዳዊት በመድገም ለውጬልሻለሁ። "ልጅቷን ግን አምጪያት።"

እናቴ ስልኩን ዘግታ ከእማማ ፍሪጅ አንድ እንቁላል አወጣችና ቀቀለች። ጀርባዋን ሰጥታን ቆማ በላችው። እማማ በደሴታቸው ቋንቋ ቀስ ብለው ማንጎራጎር ጀመሩ፤ ያንን ማንም ተርጉሚ አላለኝም።

እኔ አርባ ስግደት ተሰጠኝ። እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትቆጥርልኛለች። ሠላሳ ሁለተኛውን ሰግጄ ስነሣ "ሠላሳ አንድ" አለች።

"ሠላሳ ሁለት ነው።"

"አስተርጓሚዋ አንቺ፣ ቆጣሪዋ እኔ።"

ሃይስኩል ጨረስኩ፤ ከዚያ አላለፍኩም። አሁን ማውንቴን ቪው አንድ የቴክ ካምፓኒ ካፌቴሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። በየምግቡ ፊት ምን ምን እንዳለበት የሚገልጸውን ካርድ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሽሪምፕ ካለበት በትልቁ እጽፋለሁ። ማናጀሬ፣ "ይሄን ያህል መጮህ አለበት?" ይለኛል። አለበት።

እማማ በተመረቅኩበት ዓመት፣ ብርዱ ሲገባ አረፉ፤ በአገራቸው ዝይዎቹ በሚደርሱበት ወር። ብልቃጧን በእጄ የሰጡኝ ከዚያ በፊት ነው፤ ዛጎሎቹ ከደሴታቸው የመጡ ናቸው። ሌላውን ሁሉ የወንድማቸው ልጆች በካርቶን ጭነው ወሰዱት፣ ቤቱ ተሸጠ። በቀደም በዚያ ሳልፍ መስኮቱን ቆሜ አየሁት። ፀሐይ ነበረች። ኩሽናው ውስጥ ግን ብርሃኑ ተራ ብርሃን ነው፣ ነጭ።

እናቴ ሳን ሆዜ ነው የምትኖረው፤ ድናለች፣ ጾሟንም ቀጥላለች። በሁዳዴ እሑድ እሑድ ምግብ ሠርቼላት እሄዳለሁ። እነዚህን ዓመታት ሁሉ ከመጉረሷ በፊት፣ "ምን አለበት?" ትለኛለች። በቁጣ አይደለም፤ እጇን ታጥባ፣ ጸሎቷን አድርሳ፣ እንደ ሥርዓት ትጠይቃለች። እኔም አንድ በአንድ እቆጥርላታለሁ።

ባለፈው እሑድ ምስር ወጥ ይዤላት ሄድኩ። እጇን ታጠበች፣ ጸሎቷን አደረሰች። ጥያቄዋን ጠበቅኩ። ቆርሳ ጎረሰች። ደገመች። ስለ ጎረቤቷ ድመት ታወራኛለች። እኔ ግን መስማት አልቻልኩም።

"ምስር ነው፣" አልኳት። "ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ጨው።"

እናቴ ማኘኳን ሳታቆም፣ "ማን ጠየቀሽ?" አለች።